ረሃብ በጠርሙስ

አባቴ በሕይወት ቢኖርና ረሃብ መድኃኒት ቤት እንደሚሸጥ ብነግረው፣ በከዘራው ጫፍ መሬቱን ቆርቆር ቆርቆር ያደርግና፣ «እሺ፣ ገዢውስ ማን ነው?» ይለኝ ነበር። ገዢዋ እኔ ነበርኩ። ዕድሜውን ሙሉ ረሃብን በሞፈርና ቀንበር ሲያባርር የኖረ ሰው ልጅ፣ ፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ ተቀምጬ፣ የሁለት ዓመት ከመንፈቅ ልጄን ረሃብ በማንኪያ አጠጣኋት።

ልጄ ቀጭን ነበረች። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሰው ልክ በዓይኔ ነው የማውቅ። አንዲት ሴት ደጄ ላይ ቆማ ሰላም ሳትለኝ በፊት ወገቧ ስንት እንደሆነ ደርሼበታለሁ። የልጄ ቀሚስ ግን ያዋርደኝ ነበር። ከዚህ ባጠብበው ከዚያ ይንሸራተታል፤ ከዚያ ባጠብበው ትከሻዋ ላይ የሚይዘው ነገር ያጣል። ጠዋት ጠዋት ሜትሬን ከስፌት መኪናው ላይ አንስቼ ክንዷን እለካለሁ። ትናንት የለካሁትን ዛሬ ብለካው ምን ይጨምራል? ግን እለካለሁ።

ባለቤቴም ከእኔ አይሻልም። እህል መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ነው የሚሠራ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይዟት ይሄድና ከበቆሎው ጆንያ አጠገብ ሚዛኑ ላይ ያቆማታል። የኩንታል ሚዛን ግማሽ ኪሎ የሚባል ነገር አያውቅም። አንድ ቅዳሜ ዘጠኝ ይላታል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ አሥራ አንድ፣ ከዚያ ደግሞ ጭራሽ ንቅንቅ አይልም። «ዛሬ ሚዛኑ አላያትም» ብሎ ይመልስልኛል።

አሁን ስለ መጋረጃው ልንገራችሁ፤ እሱ ካልተነገረ ሌላው አይገባም።

ልጄ ሲጀመር እንዲህ አልነበረችም። የዘጠኝ ወር ልጅ ሆና ገንፎ ሲቀርብላት በሁለት እጇ የምትገባበት ነበረች። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ የሚኖሩት ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው፤ እዚያ ማኅበር ወጥቶ ልጄን ታቅፌ ሄድኩ። ሰው በተሰበሰበበት ስትበላ አንዲት ሴት አየቻትና፣ «እናንተ! ይቺ ልጅ እንደ አራሽ ትበላ የለም እንዴ!» አለች። በማግሥቱ ልጄን ትውከትና ተቅማጥ ያዛት። ሳምንት ሙሉ ተሰቃየች። ከዚያ ወዲያ ያ የምግብ ፍቅር ጠፋ። እኛ አገር ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ማንም ውሃውን አይጠረጥርም፤ ዓይን ነው የሚጠረጠር።

አማቴ ፈረዱ፦ «ከእንግዲህ ይቺ ልጅ እህል ስትቀምስ ሰው እንዳያያት።»

እኔም ከስፌት በተረፈ አበባማ ጨርቅ መጋረጃ ሰፋሁ፤ የቤቱን አንድ ጥግ ጋረድኩት። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ ልጄን እዚያ ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙሬ አስቀምጣታለሁ። ሳህኗን ፊቷ አደርጋለሁ። እኔ በጀርባዬ በሩን እጋርዳለሁ። በመሐል ሰው «ቤቶች!» ካለ ሳህኑ በነጠላዬ ውስጥ ይገባል። እንዲህ አድርጌ ዓመት ከመንፈቅ አበላኋት። አበላኋት ማለት እንኳ ይከብዳል። ሦስት ጉርሻ ትውጣለች፣ አራተኛውን ጉንጯ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፣ ከሰዓት በኋላ ስትጫወት እዚያው አገኘዋለሁ።

አማቴ የዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ለቅበላ መጡ። ልጅቱን አቅፈው ገና ሳይቀመጡ ፊታቸው ተለወጠ።

«ምነው ልጄ፣ ጾሙ ሳይገባ ልጅቱን ጾም አስያዝሻት?»

«አልበላ ብላኝ ነው እማማ።»

«ትጋርጃታለሽ?»

«እንኳን ሰው ዝንብም አያያት።»

ክንዷን በሁለት ጣታቸው ከበቡት፤ ጣቶቻቸው ተገናኝተው አለፉ። «በይ ስሚኝ» አሉ። «ላም አለኝ። እርጎ አለኝ። የእኛ አገር አየር ራሱ ያበላል። ለግንቦት ልደታ ተመልሼ እመጣለሁ። ያን ጊዜም እንዲህ ሆና ካገኘኋት ይዣት ነው የምሄድ። ወፈር ስትል እመልስልሻለሁ።»

ባለቤቴን አየሁት። ጣራውን አየ። ብዙ አሰበና፣ «እንግዲህ… ላሚቱስ አለች» አለ።

ያቺን ላም እስከ ዛሬ አልወዳትም።

አማቴ ክፉ ሆነው አይደለም። ስድስት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። እኔ ግን ሰባት ዓመት ጠብቄ ያገኘኋትን አንዲት ልጅ፣ «ወፈር ስትል» በሚባል ቀጠሮ እንዴት ልስጥ? ልጅ ደግሞ ይለምዳል። እርጎ ባበላት ሰው ቤት ለምዳ፣ እኔን «እትዬ» ብላ ስትጠራኝ ታየኝ። ጾሙና ፋሲካው ሲደመር ሁለት ወር አለኝ። ልጄን ማወፈር አለብኝ፤ ሌላ ሐሳብ የለኝም።

ከጎኔ የምትኖር ጎረቤት አለችኝ። ሦስት ልጆች አሏት፤ ሦስቱም እንደ ሽንዲ አገር በቆሎ የሞሉ። አንድ ቀን ቀሚስ ልታሳጥር መጥታ፣ ማንም ሳይኖር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«እኔ ነገርኩሽ እንዳትይ።»

«ምን?»

«የሆድ መክፈቻ የሚሉት ሽሮፕ አለ። ትንሹን ልጄን እሱ ነው ያነሳው። ማንኪያ ስጫት፣ ሣህኑን ካልበላሁ ትልሻለች።»

መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ሻጩ ልጅ፣ «ሐኪም አይቷታል?» አለኝ። «አይቷታል» አልኩ። ሐኪምስ መቼ አየና? እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዋሸሁ። ጠርሙሱን ከትንሽዬ መለኪያ ክዳን ጋር ሰጠኝና ብዙ ነገር አስረዳኝ፤ እኔ ግን ልቤ ቤት ደርሷል። ማታውኑ መለኪያዋ ጠፋች። ወረቀቱን ብገልጠው እንግሊዝኛ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከወንድሜ ደብተር ላይ ነው፤ ወንድሜ እንግሊዝኛው ሲጀመር ከብት ጥበቃ ሄደ፣ እኔም እዚያው ቆምኩ። እንግዲህ ማንኪያ ማንኪያ ነው ብዬ የወጥ ማንኪያ አነሳሁ።

ጠርሙሱን አዝራር የማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ደበቅሁት። ባለቤቴ አንዴ፣ «መድኃኒት ለታመመ ነው፣ ልጄ ቀጠነች እንጂ አልታመመችም» ስላለኝ፣ ክርክሩን ፈራሁ። ጠዋት እሱ ወደ መጋዘኑ ሲወጣ አንድ ማንኪያ። ጣፋጭ ስለሆነ ልጄ አፏን ከፍታ ትጠብቀኛለች። ለገንፎ ተከፍቶ የማያውቅ አፍ!

አንድ፣ ሁለት ቀን ጠበቅሁ። የመጣው ግን ረሃቡ ሳይሆን እንቅልፉ ነው። ፖፖዋ ላይ ተቀምጣ ትተኛለች። ዳቦ በእጇ እንደያዘች፣ ልትገምጥ አፏን እንደከፈተች ትተኛለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን እጄን ይዛ ቆማ፣ ሰው ሁሉ ሲሰግድ እሷም ሰገደች፤ ሰው ሲነሣ እሷ አልተነሣችም። አንዲት እናት፣ «እንዴት ያለች ጸሎተኛ ናት» አሉኝ።

ባለቤቴን «ይቺ ልጅ እንቅልፍ አላበዛችም?» አልኩት።

«እያደገች ነዋ» አለኝ ቶሎ ብሎ። እንዲያ ቶሎ ብሎ የሚመልስ ሰው አይደለም፤ ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

በአራተኛው ቀን ቤት ስጠርግ የዝናብ ጫማውን አነሳሁት። በበጋ ማንም የማይነካው ጫማ ነው። አንደኛው እግር ከበደኝ። ብገለብጠው ጠርሙስ ዱብ አለ። የእኔው ጠርሙስ መሰለኝ፤ ሮጬ አዝራር ቆርቆሮዬን ብከፍት የእኔ እዚያው ነው።

ለምሳ ሲመጣ ጠበቅሁት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ጫማህ ውስጥ ያለው።»

«እሱ… እሱማ ለእግሬ ነው።»

«እግርህ አልበላ ብሎህ ነው?»

ከዚያ እውነቱን አወጣ። ለካ ያቺ ጎረቤቴ እሱንም መንገድ ላይ አግኝታ፣ «እኔ ነገርኩህ እንዳትላት» ብላ ነግራዋለች። እሱም እኔን ፈርቶ፣ እኔ ማታ በጓሮ ልብስ ሳሰጣና ስሰበስብ አንድ ማንኪያ ያጠጣታል። ጠዋት እኔ፣ ማታ እሱ። አዝራር ቆርቆሮውን ከፍቼ የእኔን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ከእሱ ጎን አቆምኩት። ሁለቱን ጠርሙስ አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ሁለታችንም ሳቅ ገነፈለብን። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ሳቁ ሳያልቅ ዘወር ስንል ልጃችን ከስፌት መኪናው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተኝታለች። ቤቱን በሳቅ ስናናጋው ዓይኗን እንኳ አልገለጠችም። ጠራኋት። «እህ» አለችና መልሳ ተኛች። ባለቤቴ አንስቶ ትከሻው ላይ አደረጋት፤ ምሳው እንደቀረበ፣ በሩም እንደተከፈተ ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥን።

ሲስተሯ ወጣት ናት። የልጄን ዓይን ገልጣ አየች፣ ትንፋሿን አዳመጠች፣ ጉንጯን መታ መታ አደረገች። ልጄ ተነጫነጨች። ሲስተሯ «ጥሩ፣ ትነጫነጭ» አለችና ወደ እኛ ዞረች።

«ስንት ማንኪያ ነው የሰጣችኋት?»

«እኔ አንድ፣ እሱ አንድ።»

«የትኛውን ማንኪያ?»

ባለቤቴ በመዳፉ አሳያት።

«ይኼ ማንኪያ ነው ወይስ ጭልፋ?»

ተቆጣች፤ ስትቆጣ ግን ድምጿን አታነሳም፣ እሱ ይብሳል። ያ ሽሮፕ መጀመሪያ ለማሳከክና ለማስነጠስ የተሠራ መድኃኒት እንደሆነ፣ እንቅልፍ እንደሚያመጣ፣ የምግብ ፍላጎቱ ተከትሎ የሚመጣ ነገር እንደሆነ ነገረችን። ሐኪም ልጅቱን አይቶ፣ መዝኖ፣ ያስፈልጋታል ካለ በልኩ፣ ለጥቂት ጊዜ ሊያዝ ይችላል፤ በጎረቤት ሹክሹክታና በጭልፋ ግን አይሰጥም። ሁለቱንም ጠርሙስ ከእጃችን ተቀብላ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችና፣ ልጅቱ በደንብ እስክትነቃ ከዚህ ንቅንቅ የለም አለችን። አሥር ሰዓት ላይ ልጄ ተነሥታ ውሃ ጠየቀች። ባለቤቴ ግድግዳውን ተደግፎ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ከዚያ ወዲያ ነው ክንዷን የልጆች ክሳት በሚለካባት ባለቀለም ሜትር የለካችው። ቀዩ ላይ አልወደቀችም፤ አረንጓዴውም ላይ አልደረሰች፤ ቢጫው መሐል ነው የቆመችው። ሰገራዋን አስመረመረች፤ ትል የለም። ምን እንደምትበላ ጠየቀችኝና ነገርኳት። ቀጠለችና፣

«ስትበላ ከማን ጋር ነው የምትበላ?» አለችኝ።

ባለቤቴ ቀደመኝ። «ከግድግዳው ጋር።»

ሲስተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ስለ መጋረጃው ነገርናት። አልሳቀችብንም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። እሷም የዚሁ አገር ልጅ ናት።

«እናንተስ ብቻችሁን ግድግዳ እያያችሁ ብሉ ብትባሉ ትበላላችሁ?»

«እኔ እበላለሁ» አለ ባለቤቴ። በእግሬ ረገጥኩት።

ገንፎዋ ላይ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ወተት ጨምሩ፤ ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ ቶሎ ቶሎ ስጧት፤ ከሰው ጋር አብሉአት፤ በየወሩ አምጡልኝ፤ ወደ ታች ከወረደች ሐኪም ያያታል፣ አለችን።

ቅቤውን ጨመርኩ። እንቁላሉንም። መጋረጃውን ግን መግለጥ አቃተኝ። የሲስተሯ ቃል ገብቶኛል። ግን ሲስተሯ ያንን ሳምንት አላየችም፤ ልጄ ውሃ እንኳ አልረጋ ብሏት ስትቀልጥብኝ እዚያ አልነበረችም። እጄ መጋረጃው ጋ ይደርስና ይመለሳል። ቢጨንቀኝ እኔም እዚያው ውስጥ ገብቼ ከእሷ ጋር ግድግዳ ማየት ጀመርኩ። በእርግጥ ትንሽ ተሻለ፤ ሦስት ጉርሻ የነበረው ስድስት ሆነ። ባለቤቴ ከውጭ፣ «ለእኔም ቦታ አለ?» ይለናል። ከአጥር ማዶ የጎረቤቴ ልጆች ሲበሉና ሲጣሉ ድምፃቸው ይሰማል፤ ልጄ ጆሮዋን ታቆማለች። አንድ ቀን አምልጣ ሄዳ ከትንሹ ልጅ እጅ የዳቦ ቅርፊት ቀምታ ስትበላ ደረስኩባት። ቅርፊቱን አስጥዬ፣ «ማን አየሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። እንግዲህ ይታያችሁ፣ በላች ብዬ እልል ማለት ሲገባኝ!

ፋሲካም አለፈ፤ ልደታ መጣች።

በእኛ ሰፈር የግንቦት ልደታ የሚከበረው ደጅ ነው። ሴቶቹ ባቄላውን፣ ሽምብራውን፣ ስንዴውን እንቀላቅልና በትልቅ ድስት ከዛፉ ሥር ንፍሮ እንቀቅላለን፤ ዳቦ ይቆረሳል፤ ጠላ ይቀዳል። ደጅ የበሰለ ደጅ ይበላል እንጂ ቤት አይገባም። እኔ ይህንን ሕግ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ከመጋረጃው ጋር እንደሚጋጭ ግን እዚያው ዛፉ ሥር ቆሜ ነው የታወሰኝ።

አማቴ በጠዋቱ ሚኒባስ ደረሱ። በቅል ቅቤ ይዘዋል፤ በትከሻቸው ደግሞ አዲስ አንቀልባ። አንቀልባው ልጄን አዝለው ሊወስዱባት እንደሆነ ገባኝ። ልጅቱን ተቀብለው ክንዷን ዳሰሱ፤ አልፈረዱም፣ ግን ደስም አላላቸው። «እስኪ እናያለን» አሉና ከእኔ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

ለልጆቹ ንፍሮ በሰፌድ ቀረበ። የጎረቤቴ ሦስት ልጆች ከበው ቁጭ አሉ። ልጄ ከአያቷ ጉልበት ላይ ተንሸራታ ወረደች፤ በመሐላቸው ራሷን ሰካችና እጇን ሰደደች። አንድ ባቄላ። ሁለተኛ። ሦስተኛውን ከትንሹ ልጅ ጋር ተቀማሙና እሷ አሸነፈች። ከዚያ በሁለት እጇ ገባችበት።

አማቴ ብድግ አሉ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ልጄ ላይ ጣሉት፤ ነጠላው ሰፊ ነው፣ ሰፌዱንና አራቱንም ልጆች አንድ ላይ ሸፈናቸው። ውስጡ ሳቅ ሆነ፣ ግፊያ ሆነ፣ ሽምብራ ከሥሩ እየተንከባለለ ወጣ። ነጠላው ወዲህ ይላል፣ ወዲያ ይላል። ከዚያ የልጄ ጭንቅላት ብቅ አለ።

«ጨለመ! ንፍሮው የት ሄደ?»

ሰፈሩ በሳቅ አለቀ። ነጠላውን ገፍፋ ጥላ ተመለሰችበት። ያቺ ጎረቤቴ፣ የሆድ መክፈቻዋ፣ አፏ መቼ ተዘግቶ ያውቃል፣ «ኧረ እናንተ፣ የዚህች ልጅ አበላል!» አለች።

ሳቁ ቀጥ አለ። ሴቱ ሁሉ «እንትፍ፣ እንትፍ» አለ። ጎረቤቴ አፏን በእጇ ያዘች። አማቴ እኔን አዩኝ፤ አንሺያት ማለታቸው ነው። ተነሣሁ። ሁለት እርምጃ ሄድኩ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ፤ አገጯ ላይ የስንዴ ፍሬ ተለጥፏል። ያ የምታየኝ አስተያየት መጋረጃው ሲዘጋ የምታየኝ ነው።

እጄን ሰበሰብኩ።

«እማማ፣ ይተዋት» አልኩ። «ዓይንስ ከእኔ ዓይን ወዲያ የት አለ? ዓመት ከመንፈቅ ያላፈጠጥኩበት ጉርሻ የለም። ዓይን የሚበላ ቢሆን ኖሮ እኔ በልቼ ጨርሻት ነበር።»

አማቴ ነጠላቸውን ከመሬት አነሡ፣ አራገፉ፣ በትከሻቸው ጣል አደረጉ። በርጩማቸው ላይ ተቀመጡና ልጅቱን ለረጅም ጊዜ አዩአት። ከዚያ ለጎረቤቴ፣

«ዓይኑም ርቦት ነው የሚያፈጥጥ፤ እፍኝ ንፍሮ ስጡት፣ ይብላ፣ ይሂድ» አሉ።

አማቴ አራት ቀን ሰነበቱ። የሚመጣውን ሊያዩ ነው፤ እኔም እየጠበቅሁ ነው። እያንዳንዱን ማስነጠስ ሁለታችንም ተያይተን እንሰማለን። ልጄ ከሆድ መነፋት በቀር ምንም አልሆነች፤ ያን ሁሉ ባቄላ በልታ አለመነፋቱ ነበር የሚያስደነግጥ። በአራተኛው ቀን ልጄንና አማቴን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተሯ መዘነቻት፤ ጥቂት ጨምራለች። ክንዷ አሁንም ቢጫው ላይ ነው፣ ግን ወደ አረንጓዴው ዳር ተጠግታለች።

«አልዳነችም ማለት ነው?» አሉ አማቴ።

«እየሄደች ነው እናቴ» አለቻቸው ሲስተሯ። «ቦታ ካልቀየሩባት ትደርሳለች።»

«ቦታ ካልቀየሩባት» የሚለውን ማንም አልነገራትም፤ ከራሷ ነው ያወጣችው። አማቴ በማግሥቱ ብቻቸውን ወደ ቡሬ ተሳፈሩ። ሲሳፈሩ፣ «ጥጃዋን ካስጣልኩ በኋላ እርጎ እልካለሁ» አሉ። ያኮረፉ መስሎኝ ነበር፤ እርጎው ግን በሳምንቱ በሚኒባስ መጣ።

መጋረጃውን ለትራስ ልብስ አደረግሁት። አሁን ምሳ ሲደርስ የጎረቤቴ ሦስት ልጆች ሳይጠሩ ይገባሉ፤ ለአንዲት ልጅ የምሠራው ምግብ ለአምስት ሆኗል። እኔም መሐላቸው እቀመጣለሁ። ልጄ በትንሽ እጇ ጠቅልላ ታጎርሰኛለች፤ ከዚያ ሥራዋን ሁሉ ትታ አፌን ታያለች። ዝም ብዬ ከዘገየሁ አገጬን ይዛ፣ «ዋጪ» ትለኛለች። «ጉንጭሽ ውስጥ እንዳታስቀምጪው።»